ጎተራ ሙሉ አመድ

አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል። በዚህ በልግ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ አመዱ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሳቀው አገሬው ነው። ከመሳቁ በፊት ደግሞ አልቅሷል። ምን አስለቀሰው ብትሉ አመድ ነው፤ ምን አሳቀው ብትሉም ያው አመድ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እጄ ከአካፋ ወደ እስክሪብቶ ሲሸጋገር ጊዜ ይፈጅበታል። እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ባለቤቴ አያሌው ያረፈው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ጉልበቱ ይዝላል ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔ እግር ግን እንደ ፈረስ ሜዳ አማረው። ቤቱን ለቀለቅሁ፤ ልቅላቂው ሳይደርቅ ደግሜ ለቀለቅሁት። መደቡን አፍርሼ በወዲያኛው ግድግዳ ሠራሁት፣ ከዚያ የበፊቱ ይሻል ነበር ብዬ መለስኩት። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሴቶች «ተቀመጪ እንጂ» ሲሉኝ መጥረጊያ አንሥቼ በእግራቸው ሥር እጠርጋለሁ፤ እነሱም እግራቸውን ከፍ አድርገው ያጽናኑኛል። አንዷ ከደጅ ስትወጣ፣ «ይህች ሴት ሐዘኑን ጠርጋ ልታስወጣው ነው» አለች አሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ መጥረጊያው ነው ያነሰው።

ያን ሁሉ ልብስ ደጋግሜ ሳጥብ የአያሌውን ጋቢ ብቻ አላጠብኩም። ጢስ ጢስ ይሸታል። የጢሱን ነገር ካነሣሁ ዘንድ ወደ አመዱ ልግባ።

ከቤታችን በላይ፣ ወደ ጓሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ላይኛው ማሳ የምንለው መሬት አለን። ይህ ማሳ ደክሟል። ገብስ ሲዘራበት እንደ ሰነፍ እረኛ ነው፤ የሰጡትን ሳያጎድል ከመለሰ ይመረቃል። አያሌው በሕይወት ሳለ ከግብርና ጣቢያ አንዲት ልጅ መጥታ አፈሩን በላስቲክ ቋጥራ ወሰደች፤ ተመልሳ ስትመጣ አፈራችሁ ኮምጥጧል አለች። አያሌው፣ እርሾ የጨመርንበት አይመስለኝም ብሎ ሳቀባት። ልጅቷ አልተቀየመችም። ኖራ ብታገኙ መልካም ነበር፣ ካጣችሁ አመድም ይረዳል፣ ከብት የማይበላውን ገለባ በዝግታ አቃጥሉ፣ አመዱን ዝናብ እንዳይነካው አስቀምጡ፣ ከዘር በፊት ስስ አድርጋችሁ በትናችሁ እረሱት፣ ነፋስ ባለበት ቀን ግን እንዳትበትኑ አለችን። ይህን የመጨረሻውን ስትነግረን ነጠላዋ እንዳይበርባት በሁለት እጇ ይዛ ነበር። በኛ አገር ነፋስ የሌለበትን ቀን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

አያሌው አንድ ነገር ካመነበት እንደ ጾም ነው የሚይዘው። የተልባ ገለባ ከብት አይበላውም፤ ለክዳንም አይሆን፤ በየአውድማው ዳር ተከምሮ ይከርማል። እሱ ከየሰዉ አውድማ እየለመነ አመጣና ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ነፋስ እንዳይወስድበት በላዩ አፈር እየነሰነሰ፣ ሌላው ሰው ከብቱን በሚያስገባበት ሰዓት እሱ ጢሱን ይጠብቃል። አመዱ ሲበርድ በባዶው ጎተራ ውስጥ ከተተው። እንዲህ ሆነና፣ አገሩ ሁሉ በጎተራው ገብስ ሲያስቀምጥ እኛ አመድ ያስቀመጥን ባለጸጎች ሆንን። ሊበትነው ያሰበው በዚህ በልግ ነበር።

እዚህ ላይ ዋርሳዬን፣ የአያሌውን ታላቅ ወንድም ጋሼ ይርጋን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ይርጋ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው መጣላት ይቻላል። እሳቸው ለኔ በማዘን ነው የሚያስቸግሩኝ። ማሳው በስሜ ነው፤ በሬዎቹ ግን የሳቸው ናቸው። መሬት ያላት በሬ የሌላት ሴት ደግሞ ምክር ትሰማለች። ምክራቸው ላይኛው ማሳ ላይ ባህር ዛፍ እንትከል የሚል ነው። ችግኙንም በጓሯቸው አፍልተዋል። ባህር ዛፍ አይታረም፣ አይታጨድም፣ አይወቃም፤ አንቺም ትቀመጫለሽ አሉኝ። መቀመጥ የሚለውን ቃል ስሰማ ነው መሰለኝ ብድግ ያልኩት።

አያሌው ባህር ዛፍ አይወድም ነበር። ባህር ዛፍ የገባበት ማሳ ወደ እህል አይመለስም፣ ሥሩ አፈሩን እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ ባለቤት ይይዘዋል ይል ነበር። ላይኛው ማሳ ላይ ባህር ዛፍ ከቆመ አያሌውን ሁለተኛ የቀበርኩት ያህል ነው። ይህን ግን ለጋሼ ይርጋ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«አመድ አለኝ» አልኳቸው።

«ምን አለሽ?»

«አመድ። ጎተራ ሙሉ።»

ጎተራውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ የነፍስ አባታችንን መምሬ ወልዴን አዩ፤ መምሬ ለጉዳዩ ሽማግሌ ሆነው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። በመጨረሻ ተስማማን። የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል አመዱን ማሳው ላይ ካዳረስኩት፣ ጋሼ ይርጋ በሬያቸውን ጠምደው ገብስ ይዘሩልኛል። ዝናቡ ከቀደመኝ፣ በራሰው መሬት ላይ የባህር ዛፋቸውን ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ እኔም ቃል አልናገርም። መምሬ በመስቀላቸው አሳለሙን። ጋሼ ይርጋ ሲሳለሙ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ነበረች።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ጎተራው አይበቃም ብዬ ለተጨማሪ አመድ ወደ ጎረቤቴ ወደ ዘነቡ መሄዴ ነው። ዘነቡ ከማሳዬ ፊት ለፊት ባለው አፋፍ ላይ ነው ቤቷ፤ ከደጃፏ ሆና የአገሩን ሁሉ ሥራ ታያለች። የሰበካችን አስለቃሽም እሷ ናት፤ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ይንሰቀሰቃል። ከምድጃሽ አመድ ስጪኝ ብላት በሩን ገርበብ አደረገችው። አመድ ከቤት ሲወጣ በረከት ተከትሎት ይወጣል አለችኝ። ለገብስ ነው ብላት ጭራሽ ደነገጠች። ደግሞም በቀትር አመድ አይነካም፣ ሰይጣን የሚያርፍበት ነው፣ አንቺ እንደሆነ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ይለክፍሻል ብላ መከረችኝ። ሰምቼ ተመለስኩ። ሰይጣኑ ማረፊያ ካገኘ እኔንም ቢያሳርፈኝ ምን አለበት ብዬ ነው የመጣሁት፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ጧት ተነሥቼ ሰማዩን ሳይ በጓሳ በኩል ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተከምሯል። ሁሉን ነገር ጥዬ አህያዬን ጫንኳት። በኛ ዘንድ ጆንያውንም ማዳበሪያ ነው የምንለው፤ ማዳበሪያ መጥቶበት ስለነበር። ስለዚህ በማዳበሪያ አመድ ጫንኩ ስል የሚገርመው ሰው ከኛ አገር አይደለም።

አህያ አመድ እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የተጫነችው አመድ መሆኑን እሷ የምታውቅ ግን አልመሰለኝም። ማሳው ጫፍ ስንደርስ አንደኛው ጆንያ ቀዳዳ ኖሮት መንጠብጠብ ጀመረ። አህያይቱ አንገቷን አዙራ አሸተተች። ከዚያ እንደ ሙሽራ ዝግ ብላ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ከነጭነቷ ተኛች፤ ተንከባለለች። ጆንያው ፈነዳ። እኔ ገመዱን ይዤ ተነሺ ብዬ ስጎትት እሷ በጣፈጠ ነገር ላይ ናት፤ በመጨረሻም የተጎተትኩት እኔ ሆንኩ። ጧት ከቤቴ ስወጣ ከል የለበስኩ ሴት ነበርኩ። በዚያች ሰዓት ከልም የለ፣ ሴትም የለች፤ ሁለት ዳለቻ አህዮች ቆመን ተያየን።

አራገፍኩና ሥራ ጀመርኩ። በእፍኜ ዘግኜ ወደ ፊት ስበትነው ነፋሱ ተቀብሎ ወደ ፊቴ ይመልስልኛል። ዞሬ ስበትን ነፋሱም ይዞራል። ከፍ አድርጌ ስወረውር ራሴ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ ዘዴው ገባኝ፤ መሬት ላይ እንዲያርፍ ከፈለግሁ በመጀመሪያ እኔ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከኔ የተረፈው ለገብሱ ይሆናል። ዓይኔ ተቃጠለ፤ እንባዬ በጉንጬ ወረደ፤ ባበስኩት ቁጥር የማብስበት እጅ አመድ ነው። በሕይወት ዘመኔ ደግ ሥራ ሠርቼ ምስጋና ሳጣ «እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያልኩ አማርር ነበር። ወይ አለማወቅ! አመድ ማፈስ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

በዚህ መካከል ቀና ስል ከማሳው በታችኛው ጠርዝ ላይ ጋሼ ይርጋ ዶማ ይዘው ጎንበስ ቀና ይላሉ።

«ጋሼ፣ ዝናቡ እናንተ ጋ መጣ እንዴ?» ብዬ ተጣራሁ።

«ኧረ አልመጣም፤ እየለካሁ ነው።»

«በዶማ?»

«ገመዱን ቤት ረሳሁት።»

እኔ ከላይ ወደ ታች እበትናለሁ፤ እሳቸው ከታች ወደ ላይ ይለካሉ። የሚለኩት ግን ጥልቀቱን መሰለኝ፤ አፈር ሲወጣ አያለሁ። ሁለታችንም እንዳላየን ሆነን ፈጠንን። ደመናውም ፈጠነ።

ዘነቡ ከአፋፏ ላይ ሆና ያየችውን አሁን በሷ ዓይን እዩት። ከል የለበሰች ባሏ የሞተባት ሴት ሜዳ መካከል ቆማ በእፍኟ አመድ እየዘገነች ራሷ ላይ ትነሰንሳለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ከሷ ዝቅ ብሎ የባሏ ወንድም በጥድፊያ ጉድጓድ ይቆፍራል። በኛ አገር ሴት አመድ የምትነሰንሰው ምን ሲደርስባት እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም። ዘነቡ ልጄን ሰብለን ታውቃታለች፤ አንድ ልጄ ናት፣ ዓለም ከተማ አስተማሪ ናት። ስለዚህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ «እኔን፣ የሰብለ እናት» እያለች ወጣች። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎረቤቷ ነው። ወጥታ ስታለቅስ ሰማና ጥሩምባውን አነሣ። ጥሩምባውን የሰማ ሁሉ ያን ሰዓት የያዘውን ጣለ።

አንድ ሰው እንኳ እንዴት ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ ወጋችን ነው። ለቅሶ ላይ ደርሶ ማን ሞተ ማለት፣ ለማን ብዬ ልልቀስ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል። ሟቹን ማጣራት የሚመጣው ኋላ፣ ከተቀመጡና ንፍሮ መቆርጠም ከተጀመረ በኋላ፣ በጎን ካለው ሰው በሹክሹክታ ነው። እኔ ራሴ ስንት ቦታ ሙሉ ቀን አልቅሼ ሟቹን ወደ ማታ ያወቅሁበት ጊዜ አለ። ነውር የለውም፤ የራሱ ሟች ያለው ሰው ለሁሉም የሚሆን እንባ አያጣም።

እኔ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ሕዝብ እያለቀሰ ሲመጣ አየሁ። በላይኛው መንደር ሰው ሞቶ ወደዚያ የሚያልፉ መሰለኝ። ሰው እያለቀሰ ሲያልፍ ቆሞ አመድ መበተን ነውር ነውና አመዴን ጣልኩ፤ ለወጉ ያህል ደረቴን ደቃ አደረግሁ፤ እንባውም ዝግጁ ነበር። እነሱ ይህን ሲያዩ ለቅሷቸው እጥፍ ሆነ። ሳልጠረጥር እጥፍ አድርጌ መለስኩላቸው።

ግን አላለፉም። ከመንገዱ ወጥተው ወደ ማሳዬ ገቡ። ወደ እኔ።

 እናቴም አባቴም ከሄዱ ቆይተዋል፤ አያሌው ሄዷል። ወደ እኔ ሊመጣ የሚችል ለቅሶ የቀረው አንድ ብቻ ነው። መርዶ ይዘውልኝ መጡ። ሰብለ። አፌን ከፍቼ ልጠይቅ አልኩና ዘጋሁት፤ ካልጠየቅሁ ለጥቂት ጊዜ ልጄ አለችልኝ። ከዚያ የጮኽኩትን ጩኸት አያሌውን ስቀብር አልጮኽኩትም። ዘነቡ ጩኸቴን ስትሰማ ጥርጣሬዋ ሁሉ ተረጋገጠላት፤ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሴቶቹ ሁሉ ተጠመጠሙብኝ። ከኔ ላይ የተነሣው አመድ እነሱ ላይ አረፈ። እኔ የነሱን ፊት አይቼ አለቀስኩ፤ እነሱ የኔን ፊት አይተው አለቀሱ፤ በዚህ ዓለም ላይ ያልነበረ አንድ ሬሳ በመካከላችን ተኝቶ ነበር።

ዘነቡ ሙሾውን አነሣች።

ምነው ሰው አለቀ፣ ምነው ቤት ዘመመ፣
ትናንት ያየሁት ሰው ዛሬ የት ከተመ።

ኋላ ሳስበው ይህች ሴት ምን ያህል ብልህ እንደሆነች ይገርመኛል። ለወንድም ይሆናል፣ ለሴትም፤ ለሽማግሌም፣ ለሕፃንም። ሟቹ እስኪታወቅ ድረስ ማንንም አላስቀየመችም።

ጋሼ ይርጋ ጥሩምባውን ሰምተው፣ ሕዝቡ ወደ እኔ ሲጠመዘዝ አይተው፣ ዶማቸውን ጥለው ወደ ላይ ሮጡ። እሳቸውም እንደኔ ስለ ሰብለ ነው ያሰቡት፤ ሌላ ማን አለን? ወንድማቸው ሲቀበር ዓይናቸው እንዳልረጠበ አገር አይቷል። እንደ ምሰሶ ቆመው ነው የዋሉት። አሁን ግን ደርሰው ከማሳው መካከል በጉልበታቸው ወደቁና የሰብለን ስም ሳይሆን የወንድማቸውን ስም ጠሩ። «አያሌው» አሉ፤ «አያሌው፣ አያሌው ወንድሜ»። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን አይቶ እንደገና አለቀሰ። ያን ጊዜ ለቅሶው መልክ ያዘ፤ ሟች ተገኘለት። ካለፈ ቆይቷል እንጂ ተገኘለት።

በዚህ መካከል መቀነቴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ላይኛው ማሳ ላይ ብቻ ነው፤ ያም ሌላው በረከቱ ነው። በአመዳም ጣቴ ጠረግ አድርጌ ሳነበው ሰብለ ይላል። ሌላ ሰው በስልኳ ሊያረዳኝ ነው ብዬ አነሣሁት።

«እማ?» አለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ተጫንኩት።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኩ። «አንቺስ፣ አለሽ?»

«እኔማ አለሁ። አንቺን ትንሽ አሟታል፣ ነይ ብለው ደውለውልኝ መናኸሪያ ነኝ። የሚያለቅሰው ማን ነው? ማን ሞቶ ነው?»

ስልክ ተደውሎ «ትንሽ አሟታል» ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የመጡት ሰዎች ጋሼ ይርጋ በማሳዬ ጫፍ ላይ ሲቆፍሩና ሰው ወደዚያ ሲሮጥ ብቻ ነው ያዩት፤ ስለዚህ የሞትኩት እኔ ነኝ ብለው ወስነው፣ አንዱ እንደ ወጉ ለልጄ ደውሎላታል። ልጄ የእናቷን መርዶ ይዛ፣ እኔ የልጄን መርዶ ይዤ፣ በስልክ ተገናኘን።

«ምን እያደረግሽ ነው ታዲያ?» አለች።

«አመድ እየበተንኩ ነው።»

 ከዚያ የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስካሁን አልለየሁትም።

ስልኩን ዝቅ አድርጌ ሰብለ ናት፣ ደህና ናት አልኩ። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ዘነቡ ሙሾዋን ግማሽ ላይ ተወችው። አገሩ ሁሉ ሊጠይቀው ያፈረበትን ጥያቄ እሷ ጠየቀችው።

«ታዲያ ማን ነው?»

«ማንም» አልኳት።

ያን ያህል ሕዝብ ሟች አጥቶ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ሁሉም ፊቱ በአመድና በእንባ ተለቅልቆ እርስ በርሱ ይተያያል። ይህ ሲሆን ከመንደሩ በኩል ሁለት ሴቶች ትኩስ ንፍሮ በድስት ተሸክመው ደረሱ፤ አስቀምጠውም፣ ወጉ ነውና፣ ማልቀስ ጀመሩ። ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሦስተኛው ወሬ መምሬ ወልዴ ጋ ሄዷል፦ የሰብለ እናት በቀትር አመድ ነክታ ተለክፋለች የሚል። መምሬ መስቀላቸውንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው እያለከለኩ መጡና ምንም ሳይሉ እኔንም አካባቢዬንም መርጨት ጀመሩ። እኔ ግን የሚታየኝ ካጠገቤ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው ጆንያ ነው። እመሃሉ ገባሁና ጆንያውን በደረቴ ሸፈንኩት።

«መምሬ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ይተዉኝ፤ አያርጥቡት።»

ሕዝቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ጠበሉን ፈራች የሚል ሹክሹክታ በጀርባዬ ሲያልፍ ሰማሁ። እንግዲህ ይታያችሁ፤ የለም ብዬ ባስረዳ ሰይጣኑ ነው የሚናገረው፣ ዝም ብል ሰይጣኑ ነው ዝም ያለው። ደግነቱ መምሬ ውላችንን ያውቃሉ። ጠርሙሳቸውን ወደ ላይ አንሥተው እንደያዙ ጆንያውን አዩ፤ ገባቸው።

«እኔን ከለከልሽኝ፤ ያንንስ ምን ልትዪው ነው ልጄ?» ብለው በጠርሙሱ ወደ ሰማይ ጠቆሙኝ።

ቀና አልኩ። ደመናው እራሳችን ላይ ነው። ከጓሳ የሚመጣው ነፋስ ዝናብ ዝናብ ሸተተ። የማሳው ከግማሽ የሚበልጠው ግን ገና ራቁቱን ነው። ሁሉም ሰው ወደ ጋሼ ይርጋ ዞረ፤ ውሉን የማያውቅ የለም። ምንም ማድረግ አይጠበቅባቸውም፤ ቆመው ብቻ ቢጠብቁ ማሳው ባህር ዛፍ ነው። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ጋቢው አመድ ስለነበር ባሰባቸው። ጎንበስ ብለው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘገኑና አሸተቱት።

«ጢሱ ቤቴ ድረስ ይመጣ ነበር» አሉ፤ ለማንም አይደለም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ንፍሮው ይቆያችሁ። አንዳንድ እፍኝ ይዛችሁ ሂዱ።»

ሰዉ ለቀብር ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ እፍኝ አፈር መበተን ማንም አያስተምረውም። አንዱ ዘገነ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ የቀረውን ከጎተራው በየፊናው እየሮጡ አመጡት። ነፋሱ አንድ ሰው ላይ ሲሆን ይበረታል፤ ብዙ ሰው ላይ ሲሆን ግን የቱን እንደሚመልስ ግራ ገባው። ዘነቡ፣ አመድ ከቤት አይወጣም ያለችው ዘነቡ፣ ከምድጃዋ በሰፌድ ሙሉ ይዛ መጣች። እየበተነችም በለቅሶው ዜማ ሰደበችኝ።

ተነሽ የሰብለ እናት አመድ የለበስሽው፣
ለገብስ ነው ለካ አገር ያስለቀስሽው።

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው። ከዚያ ሳቁ እንደ ጥሩምባው ከሰው ወደ ሰው ሄደ። ጋሼ ይርጋ ግን አልሳቁም፤ ሮጠው ሄደው በሬዎቻቸውን ነድተው መጡ፤ ጠመዱና ከላይ ጀመሩ። ታችኛው ጠርዝ ገና አመድ ሳይደርሰው የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረደች፤ የወረደችውም በጋሼ ይርጋ አፍንጫ ላይ ነው። ሁላችንም አየን። 

አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«የመምሬ ጠበል ነው» አሉና በሬውን ነዱ።

ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ጠብታ የመምሬ ጠበል ሆነች። ዘሩ ገብቶ የመጨረሻው ትልም ሲዘጋ የመምሬ ጠበል በያንዳንዳችን ጀርባ ላይ እየወረደ ነበር። የለኳቸውንም ጉድጓዶች ራሳቸው አርሰው ደፈኗቸው።

ሰብለ ከተነሣሁ አልመለስም ብላ መጣች። ውሃ አሙቃ ራሴን አጠበችልኝ፤ አመዱ ከፀጉሬ ሥር አልወጣ ብሎ ብዙ ደከመች። ሲያልቅ፣ «እማ፣ ሙሉ ሰዓት መቀመጥሽን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እውነትም ተቀምጬ ነበር። ባትነግረኝ ኖሮ እስካሁን አላውቅም ነበር።

ገብሱ በቅሏል። ይህን ስጽፍ ጉልበቴ ጋ ደርሷል፤ የሁሉም ቁመት ግን አንድ አይደለም። ከሁሉ የሚያምረው በላይኛው በኩል ያለው፣ ሥራው ሲያልቅ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ንፍሮ የበሉበትና ነጠላቸውን ያራገፉበት ነው፤ እንደ አክሊል ክብ ሆኖ አረንጓዴው ከሩቅ ይታያል። መካከሉ ድስቱ የተቀመጠበት ነው፤ እዚያ ባዶ ነው። የግብርናዋ ልጅ መጥታ አይታ ስስ አድርጉ አላልኳችሁም ብላ ተቆጣችና፣ ይህ ክብ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለቅሶ ነው አልኳት። ጻፈችው።

ትናንት ጋሼ ይርጋ መጡ። የባህር ዛፍ ችግኛቸውን በራሳቸው አጥር ዙሪያ ሊተክሉት እንደሆነ የነገሩኝ ሰው ሳይጠይቃቸው ነው። ማሳውን ዞሩት፤ ክቡ ጋ ቆዩ። ከዚያ ወደ ታች ወረዱና፣ አመድ ሳይደርሰው በቀረው፣ እሳቸው በዶማ ይለኩበት በነበረው ጠርዝ ላይ ቆሙ። ገብሱ እዚያ አጭርና የገረጣ ነው። በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«የሰብለ እናት» አሉኝ፣ «እዚህ ጋ ሳይለቀስ ቀርቷል። ለከርሞ ከዚህ ይጀመር።»